ያልተገዛው አምስተኛ ገጽ

እስካሁን ድረስ ወፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ሳይ ደሜ ይፈላል። መጽሐፍ ጠልቼ አይደለም። ጋምቤላ፣ ኢታንግ ተወልጄ፣ ሽፋን በሌለው አንድ የሚሽን ትምህርት ቤት መጽሐፍ እንግሊዝኛ የለመድኩ ሰው መጽሐፍ የምጠላበት ምክንያት የለኝም። የምጠላው መጽሐፍን በክብደቱ የሚመርጥ ሰው ነው። እንዲህ ያሉ ሦስት ሰዎች አንድ ጠዋት አብረው ተቀምጠው በእንጀራዬ ላይ ሲፈርዱ አይቻለሁ። ፍርዱን የተየብኩትም እኔው ነኝ።

ጋምቤላ ክልል ከተባለች ብዙም አልቆየችም ነበር። እኔ ከባሮ ድልድይ በማይርቅ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። የጽሕፈት መኪናዎቹ ተሰብስበው መጋዘን ገብተው በምትካቸው ሁለት ኮምፒውተሮች መጥተዋል። አንደኛው የአስተዳደር ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፤ ማንም ነክቶት አያውቅም። ሁለተኛው የእኔ ነው። ጄነሬተሩ ሲነሣ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ እጽፍበታለሁ። ኢንተርኔት የሚባለውን በስሙ እንጂ በመልኩ አላውቀውም፤ ከተማችን ገና አልደረሰም።

ኃላፊያችን የአገሩ ልጅ ነው፤ ባሮ ዳር አድጎ፣ ተምሮ፣ ሹመት ያገኘ ኩሩ ሰው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ስብሰባ ሲመለስ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ስብሰባው ላይ የሌላ ክልል ድረ ገጽ በትልቅ ሰሌዳ ታይቷል፤ ገጹ ሲከፈት ፏፏቴ እየተንቀሳቀሰ ይወርዳል።

“የእነሱ ውኃ ይወርዳል፤ የእኛ ባሮ ቆሞ ይቀራል እንዴ?” አለኝ።

የእኛ ድረ ገጽ ሲከፈት ታንኳ በባሮ ላይ ሲሄድ እንዲታይ ይፈልጋል። ሥዕል የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም በሲዲ አስገልብጦ አምጥቷል። ለክልሉ በዓል መድረስ አለበት። እኔ ሠርቼው፣ ዲስኩ አዲስ አበባ ተልኮ፣ እዚያ ያሉት ገጹ ላይ ሊያወጡት ነው።

ነገሩ ለእኔ ጨዋታ አልነበረም። አዲሱ መዋቅር ሲወጣ የጸሐፊነት መደቤ ታጥፏል፤ በምትኩ “የኮምፒውተር ባለሙያ” የሚል አንድ ክፍት መደብ አለ። “ታንኳውን ካንቀሳቀስሽ መደቡ ያንቺ ነው” አለኝ ኃላፊው። “ካልሆነ አዲስ አበባ ማስታወቂያ እናወጣለን።” ካልሆነ ማለት ለእኔ ሻንጣዬን ይዤ ኢታንግ እናቴ ቤት መመለስ ማለት ነበር።

ፕሮግራሙን ስከፍተው መሃሉ ላይ ነጭ ባዶ ሰሌዳ፣ ከላዩ ደግሞ ተደርድረው የማያልቁ ትንንሽ ሳጥኖች አገኘሁ። ሳምንት ሙሉ ነካካሁት። ታንኳ ሣልኩ፤ ችካል ላይ የታሰረ ይመስል ንቅንቅ አልልም አለ። በከተማው የሚጠየቅ ሰው የለም፤ የሚያስተምር መጽሐፍ እንዲገዛልኝ ጠየቅሁ። ኃላፊው ፈቀደ። የመንግሥት ግዥ ግን ከሦስት ቦታ ዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት፣ ማለትም ፕሮፎርማ፣ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሦስት መጻሕፍት ቀርበው ኮሚቴ አንዱን መምረጥ ነበረበት።

አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሾፌራችን ነው። ልጅ ሳለ ከቤተሰቡ ጋር ከወሎ ለሰፈራ የመጣ፣ ወላጆቹ ዛሬም በቆሎ የሚያርሱ ሰው ነው። “እህት ዓለም፣ እኔ እንግሊዝኛ አላነብ፤ ምኑን ከምኑ ለይቼ ላምጣ?” አለኝ።

“አንተ አትምረጥ፤ የእያንዳንዱን መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጾች ፎቶ ኮፒ አስነሥተህ አምጣልኝ” አልኩት።

እውነት እላለሁ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራውን በትክክል የሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ያ ሾፌር ብቻ ነው። መጽሐፍ ሻጮቹን ለምኖ፣ “ከአራት ገጽ በላይ አይሆንም” ብለውት፣ ከሦስት መጽሐፍ አራት አራት ገጽ አስነሥቶ ከወንበሩ ሥር ሸጉጦ አመጣልኝ። ወረቀቶቹ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታሉ።

አንደኛው መጽሐፍ እኛ ዘንድ ለሌለ የቆየ ፕሮግራም የተጻፈ ስለሆነ ወዲያው ተውኩት። ሁለተኛው ወፍራሙ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ “ይህን እንደምታውቁ እናስባለን” ብሎ ይጀምርና የማላውቃቸውን ነገሮች ይደረድራል። ምንም የማላውቅ ሰው እንደሆንኩ ያሰበበት መስመር የለም። ሦስተኛው ቀጭን ነው፤ ሽፋኑ ላይ “ለጀማሪዎች” ይላል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእኔው ነጭ ሰሌዳ ከነሳጥኖቹ ተሥሎ “እዚህ ጋ ይጫኑ” የሚል ቀስት አለበት።

እናቴ ገበያ ስትወጣ ዱቄት የምትገዛው ጣቷን ነክራ ቀምሳ ነው። እኔም ለመቅመስ ተቀመጥኩ። አራቱን ገጾች ጎኔ ዘርግቼ እንዳለው አደረግሁ። በመጀመሪያው ሳጥን ኳስ ግራ ላይ ማስቀመጥ፤ በሃያኛው ሳጥን ኳሱን ቀኝ ላይ ማስቀመጥ፤ መሃሉን ማሽኑ ራሱ ይሞላዋል። ቁልፉን ተጫንኩ። ኳሱ ከግራ ተነሥቶ ቀኝ ድረስ ሄደ! ጩኸቴን ለቀቅሁት፤ ጥበቃው ምን መጣ ብሎ ዱላውን ይዞ ሮጦ ገባ። ለእሱም አሳየሁት፤ “ድገሚው” አለኝ፤ ደጋገምኩለት።

የአራተኛው ገጽ የመጨረሻ መስመር “አሁን ኳሱን ወደ መጣበት እንመልሰዋለን፤ ገጹን ይግለጡ” ይላል። የምገልጠው ገጽ አልነበረኝም። ግድ የለም፤ መጽሐፉ ሲገዛ እመልሰዋለሁ ብዬ ቀጭኑ እንዲገዛልኝ ማመልከቻ ጻፍኩ።

የግዥ ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሰብሳቢው ኃላፊያችን፣ ሌሎቹ ከንብረት ክፍልና ከፕላን ክፍል። እኔ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። የፕላን ክፍሉ ሰው መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ “ገጹ ስንት ነው?” የሚል ነበር። ነገርኩት። የወፍራሙን ሲሰማ ጭንቅላቱን በአድናቆት ነቀነቀ። የንብረት ክፍሉ ሰው ደግሞ ቀጭን መጽሐፍ እንደማይወድ ተናገረ።

“ቀጭን ነገር ይጠፋል። ሰው ሸሚዙ ውስጥ ከቶት ይወጣል” አለ። “ወፍራሙ የት ይደበቃል? ለቆጠራም ይመቻል።”

ልስቅ ስል ኃላፊውን አየሁት፤ እሱ አልሳቀም። ማመልከቻዬን አፍጥጦ ያያል።

“ለጀማሪዎች” ብሎ አነበበ። “ጀማሪ ማነው?”

“እኔ ነኝ” አልኩት።

“አንቺ የምትሠሪው ለክልሉ ነው። ይህን መጽሐፍ ስንገዛ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ ምን ይላል? ጋምቤላዎች ጀማሪ ናቸው ይላል። ስብሰባ ላይ ምን እንዳሉን ታውቂያለሽ? ‘ለናንተ ቀለል ያለውን አዘጋጅተናል’ ብለው እኛን ብቻ ሌላ ክፍል አስገቡን። የሰጡን ወረቀት ልጄ የሚማረው ነው! ሌላ ሰው ጀማሪ ማለቱ አንሶ እኛው በገንዘባችን እንግዛው?”

ስለዚህ ነገር ልዋሽ አልፈልግም፤ ንዴቱ ገባኝ። እኔም አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄጄ አንዲት ሴትዮ አማርኛ ማንበብ እችል እንደሆነ በምልክት ጠይቃኛለች። በምልክት! ያን ቀን ቆሽቴ ነው ያረረው። ግን የእነሱ ንቀት እኔ ላይ ምን ያደርጋል? እነሱ ናቁን ተብሎ እኔ የማላነበው መጽሐፍ ይገዛልኝ?

“በዚህ መጽሐፍ ኳስ ተንቀሳቅሷል። ኑ ላሳያችሁ” አልኩ።

“ኳስማ ልጆችም ያንቀሳቅሳሉ” አለ ኃላፊው። “እኛ የምንፈልገው ታንኳ ነው።”

ሁለቱ ሳቁለት። ከዚያ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። “‘ጀማሪ’ የሚለው መጠሪያ ለክልሉ የማይመጥን ስለሆነና ሌላኛው በገጽ ብዛትም የተሻለ በመሆኑ” ወፍራሙ እንዲገዛ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከአፋቸው ተቀብዬ፣ አንድ ሥርዝ ድልዝ ሳላገባ፣ አሳምሬ ተየብኩት። ጣቶቼ የሌላ ሰው እስኪመስሉኝ ድረስ።

መጽሐፉ በወሩ መጣ። የንብረት ክፍሉ ሰው ሞዴል አሥራ ዘጠኝ የሚባለውን የንብረት መረከቢያ ደረሰኝ ቆርጦ ተቀበለው፤ በዘይት ቀለም ጀርባው ላይ እንደ ወንበር ቁጥር ጻፈበት። ከውስጡ መለማመጃ ሲዲ ወጣ። እሱም የመንግሥት ንብረት ነውና ቁጥር ያስፈልገዋል። አንደኛው ፊቱ ጽሑፍ ስላለበት “እዚህ ቦታ የለም” ብሎ አገላብጦ ማሽኑ በሚያነበው በሚያብረቀርቀው ፊት ላይ በቀይ ቀለም ቁጥሩን ጻፈ። በጥንቃቄ፣ ምላሱን አውጥቶ ነው የጻፈው። ማሽኑ ሲዲውን አልቀበልም ሲል “አሁን ማንም አይሰርቀውም” አለኝ። መጽሐፉን ታቅፌ ወጣሁ።

ወፍራሙን መጽሐፍ ለማንበብ ሞከርኩ። ሰንፋ ነው እንዳይሉኝ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሁለተኛው ምዕራፍ የመጀመሪያውን እንዳወቅሁ ያስባል፤ የመጀመሪያው ደግሞ አንድ ሌላ መጽሐፍ አንብቤ እንደመጣሁ ያስባል። አንድ ቀን ጨርሶ ሆድ ባሰኝና ጭንቅላቴን እላዩ ላይ አስደግፌ አለቀስኩ። ለትራስነት ይመቻል፤ ይህን አልክድም።

ከዚያ እንባዬን ጠረግሁና አራቱን የቤንዚን ወረቀቶች አወጣሁ። ኳስ ከግራ ወደ ቀኝ ከሄደ ታንኳ የማይሄድበት ምክንያት የለም። ታንኳው ሄደ። ላዩ ያለው ሰውዬ ግን እጁን አያንቀሳቅስም፤ ወንዙ እንደወሰደው እንጨት ተገትሮ ይሄዳል። ይህን ባሮ የሚያውቅ ሰው አይቶ ይስቅብኛል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዙ ዳር እየወረድኩ ታንኳ እየገፋ ሰው የሚያሻግር አንድ አዛውንት ማየት ጀመርኩ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሽማግሌውን የወደድኩ መስሏቸው ይጠቃቀሱ ነበር። ቆሞ ነው የሚገፋው፤ ረጅሙን እንጨት ወደ ታች ይሰደዋል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ይገፋል፣ ሲያወጣው ውኃው ይንጠባጠባል። እያንዳንዱን በእርሳስ ሣልኩ።

“የኔ ልጅ፣ ምን ልታደርጊበት ነው?” አለኝ በእናቴ ቋንቋ።

“ማሽን ውስጥ ላስገባህ ነው” አልኩት።

“ማሽኑ ውስጥ የሚሻገር ሰው አለ?” ብሎ ጠየቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ ገፍቶ ሄደ።

የእጁን አንድ ግፊት በአሥራ አራት ሥዕል ሠራሁት። በየሳጥኑ አንድ አንድ። ማንም መጽሐፍ አላሳየኝም፤ ሳጥኖቹ ለዚህ ይሆናሉ ብዬ ገመትኩ፤ ሆኑ። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሰውዬው እየገፋ፣ ውኃው እየተንጠባጠበ፣ ታንኳው ከግራ ወደ ቀኝ ሄዶ ቆመ። ከቀኝ ልመልሰው ስሞክር ግን የሄደውም ተበላሸብኝ፤ መመለሻውን አላውቅም ነበር።

በበዓሉ ቀን ኮምፒውተሬ ወደ አዳራሽ ተወሰደ። እንግዶቹ ከየወረዳው መጥተዋል፤ ማሽኑን ከበው ቆመዋል። ቁልፉን ተጫንኩ። ሰውዬው ገፋ። ከኋላ ያሉት በጣታቸው እየቆሙ ያያሉ፤ “ይኸው! ይኸው!” የሚል ድምፅ ይሰማል። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው።

ይህን ጊዜ ኃላፊያችን ወደ ፊት ወጣ። እጁ ላይ ምን ይዟል? ወፍራሙን መጽሐፍ! ከንብረት ክፍል አስወጥቶ ደረቱ ላይ ታቅፎታል።

“የዚህ ሥራ ምንጩ ይህ መጽሐፍ ነው” አለ ከፍ አድርጎ እያሳየ። “ይህ ክልል ከጀማሪ መጽሐፍ አልጀመረም!”

እንደገና ተጨበጨበ፤ ለመጽሐፉ። የአዛውንቱ እጅ፣ አሥራ አራቱ ሥዕሎች፣ የሾፌሩ ልመና፣ ሁሉም ለዚያ ለትራስ ተሰጠ። አሁንም ዝም እላለሁ ብዬ ነበር፤ የመደቤን ደብዳቤ የሚፈርመው እሱ ነዋ።

ባሮ ወርዶ ከሚደርስባት ከማታር የመጡ አንድ ሽማግሌ ግን ከማሽኑ ፊት አልተነሡም። “ይህ ሰውዬ ወደ እኛ ወረደ፤ መልካም” አሉ። “መቼ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው?”

ሰው ሳቀ። ኃላፊው ፈገግ ብሎ ዞረና “መልሺው እንጂ” አለኝ።

በእኛ ከተማ አማርኛ ኃላፊን “አንተ” ማለት ነውር አይደለም፤ ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንለው። እኔ “እርስዎ” የምለው ስናደድ ነው።

“መመለሻው ያለው የቀጭኑ መጽሐፍ አምስተኛ ገጽ ላይ ነው” አልኩት። “እኔ ያለኝ አራት ገጽ ነው። አምስተኛውን እርስዎ አልገዙልኝም።” አራቱን ወረቀቶች ከቦርሳዬ አውጥቼ ማሽኑ ላይ አስቀመጥኳቸው። “እርስዎ የያዙት መጽሐፍ አንድ መስመር እንኳ አልረዳኝም። ሰውዬው ማታር የቀረው በእርስዎ ምክንያት ነው።”

ከበሩ አጠገብ ሾፌራችን ሳቁን በሳል ሲሸፍን ሰማሁት። ሌላ ማንም አልሳቀም።

ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ደብዳቤዬ አልተፈረመም። ኃላፊው በኮሪደር ሲያገኘኝ ግድግዳ ያያል። በአራተኛው ሳምንት በእጅ የተጻፈ ረቂቅ እንድተይብ ተላከልኝ። የቅጥር ማስታወቂያ ነው፤ አዲስ አበባ የሚለጠፍ፤ የኮምፒውተር ባለሙያ። መጨረሻው ላይ “ጀማሪዎችን አይመለከትም” ይላል። እንግዲህ የራሴን መባረር ደግሞ ራሴ ልተይብ ነው! ጄነሬተሩ እየሠራ፣ ማሽኑ በርቶ፣ አንድ ፊደል አልተይብም አልኩ። ረቂቁን ይዤ በሩን ሳላንኳኳ ገባሁበት።

የኮምፒውተሩ ነጭ ጨርቅ መሬት ላይ ወድቋል። ኃላፊው አጎንብሶ ስክሪኑን ያያል። ከጎኑ ቀጭን መጽሐፍ ተዘርግቷል፤ ተማሪ ደብተሩን እንደሚለብደው በጋዜጣ ተለብዷል። የተከፈተበትን ገጽ ከበሩ ሆኜ ለየሁት። ኳሱ አለበት።

ደንግጦ ሊዘጋው እጁን ሰደደ፤ ተወው።

“በራሴ ገንዘብ ነው ያስመጣሁት” አለ ዝግ ብሎ። “አይንቀሳቀስም።”

ያኔ ወጥቼ ብሄድ ማን ይፈርድብኛል? ግን ስክሪኑን አየሁት። በመጀመሪያው ሳጥን ኳሱን ግራ አስቀምጦታል፤ በሃያኛውም ሳጥን እዚያው ግራ ነው።

“ማሽኑ ምን ያድርግ? የተነሣበት ቦታ ላይ እንዲደርስ ነው ያዘዝከው” አልኩት።

“እንግዲህ ተቀመጪና አሳዪኝ።”

“መጀመሪያ ጋዜጣውን አውልቀው።”

“ለምን?”

“ስሙ ይነበብ።”

በሩን አየ፤ እኔ ስገባ አልዘጋሁትም። ኮሪደሩ ላይ ሰው ይመላለሳል። ከዚያ ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር ቀደደው፤ “ለጀማሪዎች” የሚለው ትልቅ ጽሑፍ ወጣ። ረቂቁን ፊቱ አስቀመጥኩና “ይህንንስ ልተይበው?” አልኩት።

የገዛ እጅ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው መስመር አነበበ። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው፤ መጽሐፉን ገለጠና አምስተኛው ገጽ ላይ ምልክት አድርጎ አስገባው። “ነገ ደብዳቤሽን ተይበሽ አምጪ፤ እፈርማለሁ” አለኝ። ይቅርታ አላለም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ቃለ ጉባኤው ዛሬም መዝገብ ቤት ተቀምጧል። “ለክልሉ የማይመጥን” ይላል፤ አሳምሬ የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። ያን ቀን ግን ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ኳሱን በሃያኛው ሳጥን ቀኝ ላይ እንዲያስቀምጥ አሳየሁት፤ ሲሄድለት እንደ እኔው ጮኸ። ከዚያ መጽሐፉን ይዤ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ፤ አምስተኛውን ገጽ ገልጬ ሰውዬውን ከማታር ወደ ቤቱ መለስኩት።